የሚራመድ ካሜራ፤ በእግር እየሄዱ ሥዕልን ሳያናውጡ የማንሣት ታሪክና ለባህል ጥናት ያለው ጠቀሜታ

በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀት ወደ መንበራቸው ሲመለሱ በመንገድ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ታቦቱን በራሱ ላይ ያከበረው ካህን፣ ሕዝቡ ከፊትና ከኋላ እየተጋፋ፣ ከበሮው እየተመታ፣ እልልታው እየቀለጠ ሳለ እርምጃው የረጋ ነው። በዚያው መንገድ ላይ፣ ከእርሱ ጥቂት ክንድ ርቆ፣ አንድ ወጣት የእጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሰልፉን ቪዲዮ እያነሣ ይራመዳል። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ግፊያ ውስጥ ናቸው። የካህኑ ሸክም አይናወጥም፤ የወጣቱ ሥዕል ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ይዘላል።

ይህ ልዩነት ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሕዝብን ኑሮና ሥርዐት ለሚያጠና ሰው ተራ ነገር አይደለም። የባህል ጥናት ማስረጃ ዛሬ በብዛት የሚሰበሰበው በተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው፤ ከሥርዐቶቻችንም ብዙዎቹ በአንድ ስፍራ የሚፈጸሙ ሳይሆኑ መንገድ የሚሄዱ ናቸው። ታቦት ይሸኛል፤ ሙሽራ ይታጀባል፤ ሬሳ ይሸኛል፤ ተሳላሚ ይጓዛል። ካሜራውን በአንድ ቦታ አቁሞ የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ሰልፉ በፊቱ ሲያልፍ የታየውን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከሰልፉ ጋር የሚሄድ ግን ጅማሬውንም፣ መካከሉንም፣ ፍጻሜውንም ያገኛል፤ ሥዕሉ የሚታይ ከሆነ ነው እንጂ። ስለዚህ እየሄዱ ሥዕልን ማርጋት የውበት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የጥናት ዘዴ ጕዳይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ ጥበብ ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ ዛሬ ካለበት እንደ ደረሰ፣ እያንዳንዱም የማርጊያ ዘዴ ከማስረጃው ላይ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚቀንስ ነው። ከላይ ስለ በዓላችን ከተጠቀሰው ቀን በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፩. አስቀድሞ የተጠናው ተራማጁ ነበር

የተንቀሳቃሽ ሥዕል ታሪክ ከሰው እርምጃ ጋር የተያያዘው ገና ከጅምሩ ነው። ፈረንሳዊው የሰውነት ሥራ ተመራማሪ ኤቲየን ዡል ማሬ በ1882 ዓ.ም. በሴኮንድ 12 ሥዕል የሚያነሣ፣ በመልኩም ጠመንጃ የሚመስል መሣሪያ ሠራ። በዚያው ዓመትም በፓሪስ ዳርቻ ቧ ደ ቡሎኝ በተባለው ስፍራ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመለት። ማሬና ረዳቱ ዦርዥ ደመኒ ሰዎችን ጥቍር ልብስ አልብሰው፣ በእጅና በእግራቸው ላይ ነጭ መስመር አስምረው፣ በጥቍር ግድግዳ ፊት እንዲራመዱ በማድረግ ሥዕላቸውን በአንድ ሰሌዳ ላይ ደራርበው አነሡ። ከዚህም የእግር ጕዞ ምንነት በግልጥ ታየ። ሰው ሲራመድ ራሱ በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ እንደ ባሕር ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ። በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን በሚያሳልፍበት ጊዜ ሰውነቱ ከፍ ይላል፤ ሁለቱም እግሮቹ መሬት በነኩ ጊዜ ዝቅ ይላል። በተለመደው እርምጃ ይህ ከፍታና ዝቅታ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በሴኮንድ ወደ ሁለት ጊዜ ገደማ ይመላለሳል። በራስ ከፍታ ላይ የተያዘ ካሜራ የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከማሬ ዘንድ የሠራው ሐኪሙ ፌሊክስ ሬኞ ይህን ዘዴ ወደ ሕዝቦች ጥናት አሻገረው። በ1895 ዓ.ም. በፓሪስ የምዕራብ አፍሪቃ ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበርና፣ ከዚያ ከመጡት መካከል አንዲት የወሎፍ ሴት ሸክላ ስትሠራ አነሣ። ይህ ሥራ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የመጀመሪያው የባህል ጥናት ፊልም ተብሎ ይቈጠራል። ሬኞ ግን ከሸክላ ሥራው ይልቅ እጅግ የማረከው የአረማመድ ነገር ነበር። አፍሪቃውያኑ ሲራመዱ፣ ሲሮጡ፣ ሸክም ሲሸከሙ እያነሣ መረመረ። ጕልበትን ጥቂት አጥፎ፣ ሰውነትን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፣ እግርን ከመሬት ብዙ ሳያነሡ መሄድ ሰውነትን ከመናወጥና ከድካም ያድናል ብሎ አመነ። ከአንድ የፈረንሳይ ጦር መኰንን ጋርም በመሆን ይህን አረማመድ ለወታደሮች ስለ ማስተማር መጽሐፍ አሳተመ።

በሬኞ ሥራ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። አንደኛው የሚመሰገን ነው፤ በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የሕዝቦች ጥናት ጉባኤ ቤተ መዘክሮች ከዕቃው ጋር ፊልምንም እንዲያከማቹ ለተወሰነው ውሳኔ ከተከራከሩት አንዱ እርሱ ነበር። ሁለተኛው የሚነቀፍ ነው፤ ያነሣቸውን ሰዎች እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዘር ናሙና ቈጥሮ፣ አረማመዳቸውም ከተማረ ሰው ይልቅ ለተፈጥሮ የቀረበ ነው ብሎ ነበርና። ካሜራው ቆሞ ነበር፤ የሚራመደው በሌላ ሰው ምርመራ ሥር የነበረው አፍሪቃዊ ነው። ይህ ነገር ኋላ እንዴት እንደ ተገለበጠ ከዚህ በታች እናያለን።

አረማመድ ከተፈጥሮ ሳይሆን ከትምህርት የሚገኝ መሆኑን በግልጥ ያስረዳው ማርሴል ሞስ ነው። ሞስ በ1934 ዓ.ም. ስለ ሰውነት አያያዝ ጥበብ ባሰማው ንግግር፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ የነርሶቹን አረማመድ ከዚህ በፊት የት እንዳየው ሲያሰላስል በሲኒማ መሆኑን እንዳስታወሰ ገልጿል። ወደ ፈረንሳይም በተመለሰ ጊዜ ያንኑ አረማመድ በፓሪስ ልጃገረዶች ዘንድ አየ። እንግዲህ ሲኒማ አረማመድን የሚያጠና ብቻ ሳይሆን አረማመድን የሚያስተምርም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

፪. ባለሦስት እግሩ ማቆሚያና እጅ

የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች ከባድና በእጅ እየተዘወሩ የሚሠሩ ስለ ነበሩ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ያስፈልጋቸው ነበር። የካምብሪጁ አልፍሬድ ሃደን በ1898 ዓ.ም. ወደ ቶሬስ ወሽመጥ ደሴቶች የጥናት ጓድ መርቶ በሄደ ጊዜ ካሜራ ይዞ ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ፊልም አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ዘዋሪውን የሚያዞር እጅ ካሜራውን ሊይዝ አይችልምና፣ አንሺው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ዳንሰኞቹ በፊቱ ተራ በተራ እንዲያልፉ ይጠብቅ ነበር።

ይህን እስራት ለመጀመሪያ ጊዜ ለመፍታት ከሞከሩት መካከል ፖላንዳዊው ካዚሚየርዝ ፕሩሺንስኪ ይገኛል። በ1910 ዓ.ም. ባለመብት የሆነበት ኤሮስኮፕ የተባለው ካሜራ በታመቀ አየር ኀይል የሚዞር ስለ ሆነ የአንሺውን እጅ ነጻ ያወጣ ነበር። ከዚህም በላይ በውስጡ በፍጥነት የሚሽከረከር መንኰራኵር፣ ማለት ጃይሮስኮፕ፣ ነበረበት። የሚሽከረከር ከባድ መንኰራኵር አቅጣጫውን ለመለወጥ እንቢ ስለሚል የእጅን መንቀጥቀጥ ያበርዳል። በዚህ ካሜራ የዱር አራዊትም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም ተነሥተዋል። ፈልሳፊው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናዚዎች ተይዞ በ1945 ዓ.ም. በማውትሃውዘን እስር ቤት ሞተ።

በሲኒማ ቤቱ ዓለምም ጀርመናዊው ካርል ፍሮይንድ በ1924 ዓ.ም. ሙርናው ባዘጋጀው ፊልም የሰካራሙን በር ጠባቂ ዐይን ለማሳየት ካሜራውን በደረቱ ላይ አሰረ፤ ሚዛን ለመጠበቅም ባትሪዎቹን በጀርባው ተሸከመ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ፍሮይንድ የፈለገው መናወጥን ማጥፋት ሳይሆን የሰካራምን መናወጥ ለተመልካች ማካፈል ነበር። የሥዕል መናወጥ ሁልጊዜ ጕድለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ቃል ነው።

በባህል ሊቃውንት መካከል ግን ጕዳዩ የክርክር ምክንያት ሆነ። ማርጋሬት ሚድና ግሬጎሪ ቤትሰን ከ1936 እስከ 1938 ዓ.ም. በባሊ ደሴት ባደረጉት ጥናት 25,000 ያህል ፎቶግራፍና 22,000 ጫማ ያህል የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም አነሡ። አንድ ሥራ የሠሩት እነዚህ ሁለት ሊቃውንት ከዓመታት በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. በታተመ ጭውውታቸው፣ ስለ ማቆሚያው ተከራከሩ። ሚድ ካሜራው በማቆሚያ ላይ ተተክሎ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ እንዲያነሣ ትወድ ነበር፤ ሌላ ተመራማሪ ኋላ ሊመረምረው የሚችል፣ የአንሺው ፈቃድ ያልገባበት ማስረጃ የሚገኘው እንዲህ ነው ብላ። ቤትሰን ግን ማቆሚያን ይጠላ ነበር። ቆሞ የሚፈጭ ካሜራ የሚያስፈልገውን ነገር ሊከተል አይችልም፤ የሚሆነውን ለማየት የሚያይ ሰው መንቀሳቀስ አለበት ይል ነበር።

ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚድ ካሜራ አይሳሳትም፤ ግን ብዙ ነገር ያመልጠዋል። የቤትሰን ካሜራ ያሳድዳል፤ ግን የሚያሳድደውን የሚመርጠው ሰው ነው። ክርክሩ በማሽን ላይ ይምሰል እንጂ በእውነት ስለ ተመራማሪው ቦታ ነበር፤ ከሥርዐቱ ውጪ ይቁም ወይስ ወደ ውስጥ ይግባ?

፫. ዣን ሩሽ፤ ወደ ውስጥ የገባው

ለዚህ ጥያቄ በእግሩ መልስ የሰጠው ፈረንሳዊው ዣን ሩሽ ነው። ሩሽ በሙያው የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ሲሆን በ1941 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ኒጀር ሄደ፤ በዚያም የሶንጋይን ሕዝብ ሃይማኖት ማጥናት ጀመረ። ከመምህራኑ አንዱ ማርሴል ግሪዮል ነበር። ግሪዮል አማርኛ የተማረና በ1920ዎቹ መጨረሻ በጎጃም የተመራመረ፣ ከ1931 እስከ 1933 ዓ.ም. ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘውን የጥናት ጓድ መርቶ በ1932 ዓ.ም. ጎንደር የቆየ ሰው ስለ ሆነ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ሩሽ በ1946 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የኒጀርን ወንዝ እስከ ባሕር ለመውረድ ተነሣ። በእጁ የነበረው በሞላ የሚሠራ አሮጌ የ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነበር። ጕዞው ብዙ ሳይዘልቅ ማቆሚያው በወንዙ ውስጥ ጠፋ፤ ስለዚህ ቀሪውን ሁሉ በእጁ ይዞ ለማንሣት ተገደደ። እንግዲህ በባህል ፊልም ታሪክ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ነገር የመጣው ከሐሳብ ሳይሆን ከዕጦት ነው። ካሜራው አንድ ጊዜ ሲጠመዘዝ ከግማሽ ደቂቃ ብዙ አያነሣም ነበር። ድምፅም አብሮ ሊቀዳ አይችልም ነበር። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ረጅም መንገድ የሚራመድ ሥዕል ገና ሩቅ ነበር።

ይህ እንዲሆን ሦስት ነገሮች መገናኘት ነበረባቸው። የመጀመሪያው ድምፅን የሚቀዳ ቀላል መሣሪያ ነው፤ ፖላንድ ተወልዶ በስዊስ የኖረው ስቴፋን ኩደልስኪ የሠራው ናግራ የተባለው መቅጃ በ1950ዎቹ መጨረሻ ይህን አሟላ። ሁለተኛው ድምፅ የማያሰማ ቀላል ካሜራ ነው፤ የኤክሌር ኩባንያው አንድሬ ኩታን በ1960 ዓ.ም. የሙከራ ካሜራ ለሩሽ ሰጠ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በትከሻ ላይ የሚያርፍ ካሜራ ለገበያ ወጣ። ሦስተኛው ግን ማሽን አይደለም፤ የአረማመድ ጥበብ ነው። ይህን ያመጣው ካናዳዊው ሚሼል ብሮ ነበር። ብሮ ከጂል ግሩ ጋር በ1958 ዓ.ም. ስለ በረዶ ተራማጆች በሠራው አጭር ፊልም በረጅም ሌንስ ከሩቅ ማየትን ትቶ ሰፊ ዕይታ ባለው ሌንስ በሕዝቡ መካከል እየተራመደ አንሥቶ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በጋ ሩሽ ከኤድጋር ሞረን ጋር ስለ ፓሪሳውያን ኑሮ ለሠራው ፊልም ብሮን አስጠራው።

በዚያ ፊልም ውስጥ ማርሴሊን ሎሪዳን የተባለችው ወጣት ናግራውን በትከሻዋ አንግታ፣ ከናዚ እስር ቤት ስላልተመለሰው አባቷ ለራሷ እየተናገረች በባዶው የገበያ አዳራሽ ሥር ትራመዳለች። ካሜራው ቀስ በቀስ ከፊቷ ይርቃል። ይህ ሥዕል የተገኘው ካሜራው በእጅ በምትገፋ ትንሽ አውቶሞቢል ውስጥ ሆኖ ነው። በአጠገቧ ማንም ስላልነበረ ለሰው ያልነገረችውን ለራሷ ተናገረች። የካሜራው መርጋት ለእርሷ የብቸኝነት ስፍራ ሆነላት ለማለት ይቻላል። በዚያው በ1960 ዓ.ም. አሜሪካዊው አልበርት ሜይዝልስ ጆን ኬኔዲ ለምርጫ ሲወዳደር በሕዝብ በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ካሜራውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ከኋላው እየተከተለ አነሣው፤ ይህም የዚያ ዘመን ምልክት ሆኖ ቀርቷል።

ሩሽ የዚህን ጥበብ ጫፍ ያሳየው በ1971 ዓ.ም. በኒጀር ስሚሪ በተባለው መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች መጪውን አዝመራ ከአንበጣ እንዲጠብቁላቸው የዱር መናፍስትን ለመለመን ለቀናት ከበሮ ሲመቱ ነበር። ያን ቀን ግን ለሰዓታት ቢመታም መንፈስ የወረደበት ሰው አልነበረም። ቀኑ ሊመሽ ሲል ሩሽ ቱሩና ቢቲ የተባሉትን ጥንታዊ ከበሮዎች ድምፅ እንኳ ለማስቀረት ብሎ ካሜራውን በትከሻው አድርጎ፣ ድምፅ ቀጂው ሙሳ ሀሚዱ አብሮት፣ ከመንደሩ ዳር ተነሥቶ ሳያቋርጥ ወደ ግቢው ተራመደ። ከበሮ መቺዎቹ ሊያቆሙ ሲሉ ካሜራው እየሠራ መሆኑን አይተው ቀጠሉ፤ በዚያው ቅጽበትም ሽማግሌው ዳንሰኛ በመንፈስ ተያዘ። ፊልሙ ዐሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አንድ ያልተቈረጠ ሥዕል ነው። ሩሽ ኋላ በጻፈው ውስጥ ለሥርዐቱ መፈጸም ምክንያት የሆነው የራሱ መራመድና ማንሣት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ራሱን መረመረ፤ አንሺውንም ራሱን በአንድ ዓይነት ተመስጦ ውስጥ እንደ ገባ ሰው ቈጠረው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ልዩ ትርጕም አለው። ሚሼል ሌሪስ በ1932 ዓ.ም. በጎንደር ስለ ዛር ያጠናውን በ1958 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ የመንፈስ መያዝን ሥርዐት ከትያትር ጋር አስተያይቶ፣ የተመልካች መኖር ለሥርዐቱ ምን እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ሩሽ በኒጀር ያየው ያንኑ ጥያቄ ይመልሳል። ወደ ውስጥ የሚራመድ ካሜራ የሚያየውን ነገር ይለውጠዋል፤ የቆመ ካሜራም ቢሆን አይለውጥም ማለት አይቻልም። ልዩነቱ የሚራመደው አንሺ መለወጡን ሊክድ አለመቻሉ ነው።

ግሪዮል በመጽሐፍ የገለጸውን፣ ዶጎኖች በየ60 ዓመቱ የሚፈጽሙትን የሲጊ በዓል ሩሽ ከዤርሜን ዲቴርለን ጋር ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰባት ተከታታይ ዓመታት አነሣ። ግሪዮል በ1956 ዓ.ም. ስለ ሞተ በዓሉን በዐይኑ አላየውም። ሲጊ ከመንደር ወደ መንደር የሚሄድ በዓል ነውና፣ ዳንሰኞቹ በረጅም ሰልፍ እየተጠማዘዙ ሲመጡ አብሮ የሚሄድ ካሜራ ባይኖር ኖሮ ከእርሱ የሚቀረው ቍርጥራጭ ብቻ በሆነ ነበር። ሩሽ ራሱ በ2004 ዓ.ም. በኒጀር በመኪና አደጋ ሞተ።

አሁን ከላይ ያቈየነውን ነገር እናንሣ። ካሜራን በትከሻ ተሸክመው ለመሄድ የሚማሩ ሰዎች የሚነገራቸው ምንድር ነው? ጕልበትን ጥቂት ማጠፍ፣ እግርን ከመሬት ብዙ ሳያነሡ ከተረከዝ ወደ ጣት በለስላሳው ማሳረፍ፣ ሰውነትን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ ሬኞ በ1895 ዓ.ም. ከአፍሪቃውያን ላይ ያነሣውና የዘር ምልክት ነው ያለው አረማመድ ነው። ቆሞ ይመረምር የነበረው ሊቅ ዝቅ ብሎ የተመርማሪውን አረማመድ ለመማር ተገደደ። ሳይንስ ከዚህ የተሻለ ትሕትና የተማረበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

፬. አካልን የተኩ መሣሪያዎች

አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን በ1970ዎቹ ውስጥ ያሰበው የአንሺውን ሰውነት ከካሜራው መለየት ነው። ስቴዲካም የተባለው መሣሪያው በሦስት መሠረታዊ ነገሮች ይሠራል። አንደኛ፣ ካሜራው በዘንግ አንድ ጫፍ፣ ባትሪውና ማያው መስታወት በሌላው ጫፍ ይሆናሉ፤ ክብደት ከመካከሉ ሲርቅ ለመዞር እንቢ ይላልና። ሁለተኛ፣ ዘንጉ የሚያዘው ከክብደቱ ማዕከል አጠገብ በሁሉም አቅጣጫ በሚዞር ማጠፊያ ስለ ሆነ የእጅ መዞር ወደ ካሜራው አይተላለፍም። ሦስተኛ፣ ሸክሙን ሞላ ያለው ክንድ ከአንሺው ጥሩር ጋር ስለሚያያይዘው የእርምጃው ከፍታና ዝቅታ በክንዱ ውስጥ ያልቃል። ብራውን ለሙከራ በፊላዴልፊያ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ደረጃ ላይ ሲሮጥ የተነሣችውን ሴት ሥዕል ካሳየ በኋላ፣ መሣሪያው በ1976 ዓ.ም. በወጡ ፊልሞች ላይ ዋለ፤ ከእነዚህም አንዱ ያንኑ ደረጃ ዝነኛ ያደረገው የቦክሰኛው ፊልም ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጊምባል የሚባሉት በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ተስፋፉ። በእነዚህ ውስጥ ዝንባሌን የሚለኩ ረቂቅ መሣሪያዎችና ተቃራኒውን የሚያዞሩ ሞተሮች አሉ። ዋጋቸውም እየቀነሰ ሄዶ በእጅ ስልክ ላይ የሚገጠሙት ለተማሪም የሚደረስባቸው ሆኑ። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሦስቱ ሞተሮች የሚያቃኑት መዞርን ብቻ ነው፤ ከፍ ዝቅ ማለትን አያግዱም። አራቱ ሳንቲ ሜትር እንዳለ ይቀራል። ሩቅ ያለ ተራራ ሲነሣ ይህ አይታወቅም፤ ሁለት ክንድ ርቆ ያለ ሰው ሲነሣ ግን ሰውየው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ስለዚህ ጊምባል የያዘም ሰው ጕልበቱን ማጠፍ አለበት። መሣሪያው የሰውነትን ትምህርት አልሻረውም።

ሌላው ዘዴ ሥዕሉን ከተነሣ በኋላ ወይም በሚነሣበት ጊዜ በስሌት ማርጋት ነው። ይህ ዘዴ የሥዕሉን ጠርዝ ይቈርጣል፤ የተቀረውንም እያንሸራተተ ያስተካክላል። ለመዝናኛ በቂ ነው። ለጥናት ግን ሁለት አደጋ አለው። በጠርዝ ላይ የነበረ ሰው ወይም ዕቃ ከማስረጃው ይወጣል። ከዚህም የሚከፋው፣ በሥዕሉ ይዘት ብቻ የሚመራ ስሌት የካሜራውን እንቅስቃሴና የተነሣውን ሰው እንቅስቃሴ ሁልጊዜ በትክክል ሊለይ አለመቻሉ ነው። ሥዕሉን የሞላው የእስክስታ ትከሻ ቢሆን፣ ስሌቱ የትከሻውን መንቀጥቀጥ የካሜራ መናወጥ መስሎት ሊያበርደው፣ በስተኋላ ያለውን ግድግዳ ሊያወዛውዘው ይችላል። የጭፈራን አመታት ከእንዲህ ያለ ሥዕል የሚቈጥር ተማሪ የሚቈጥረው ሕዝቡ የሠራውን ሳይሆን ስሌቱ የተረፈውን ነው።

፭. ስለ አገራችን የሚነገር

ኢትዮጵያ በባህል ፊልም ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላት። በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ሕዝብ፣ ከአጥኚው ዴቪድ ተርተን ጋር በመተባበር፣ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልሞች ታይቷል። በዚያው ዓመት ሮበርት ጋርድነር ስለ ሐመር የሠራው ፊልም ወጣ። በሐመር መካከል የኖሩት ዣን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር ግን ያን ፊልም አጥብቀው ነቀፉ፤ ኋላም ራሳቸው ሌሎች ፊልሞች በመሥራት ለሐመር ሰዎች የመናገሪያ ሰፊ ጊዜ ሰጡ። ከዚህ የምንማረው የሥዕል ማማርና መርጋት ለእውነተኛነቱ ዋስ አለመሆኑን ነው። የጋርድነር ካሜራ ውበት የጎደለው አልነበረም፤ የተጠየቀው ከማን ጋር እንደ ተራመደ ነው።

የጥምቀት በዓል በ2019 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ ይህ ጕዳይ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። በየዓመቱ ከበዓሉ የሚነሣው ቪዲዮ ብዛት እጅግ ታላቅ ነው፤ ለጥናት የሚጠቅመው ግን ጥቂት ነው። አንዱ ክፍል እጅግ ስለሚናወጥ አይታይም። ሌላው ክፍል እጅግ ከመለስለሱ የተነሣ ያነሣው ሰው የት እንደ ነበረ፣ ምን ያህል እንደ ቀረበ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደ ተቀበለው አይታወቅም። የመጀመሪያው ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለተኛው ምስክር የሌለው ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የሚከተለውን እንመክራለን። ከመሣሪያ በፊት አረማመድን ይማሩ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሞክሮ እንዳየው፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ሲኒ ይዞ በግቢ ውስጥ ሳያፈስሱ መመላለስ ዋጋ የማይጠይቅ መልካም መምህር ነው። እንስራ አዝላ ከምንጭ አቀበት የምትወጣ ሴት ይህን ትምህርት ማንም ሳይጽፍላት ታውቀዋለች። ክርንን ወደ ጐን አጥንት ማስጠጋት፣ ካሜራውን በሁለት እጅ መያዝ፣ አንዱን ዐይን ለሥዕሉ፣ ሌላውን ለመንገዱ መስጠት ይገባል። ወደ ኋላ እየሄዱ ማንሣት ግድ ሲሆን ትከሻን ይዞ የሚመራ ጓደኛ ያስፈልጋል። ሰፊ ዕይታ ያለው ሌንስ ይምረጡ። 60 ዲግሪ በሚያይ ሌንስ የአንድ ዲግሪ መናወጥ ሥዕሉን ከወርዱ 1/60 ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ 10 ዲግሪ በሚያይ ሌንስ ግን 1/10 ያህል ነው። ሰፊው ሌንስ ግን በቅርብ መገኘትን ይጠይቃል። በቅርብ ለመገኘትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከደብሩ አለቃ፣ ከሟች ቤተ ሰብ፣ ከሙሽራው አባት ፈቃድ ያልጠየቀ ሰው ጕልበቱን ቢያጥፍ አይጠቅመውም።

ማስረጃ ለሚያከማቹ ቤቶችም አንድ ምክር አለን። በስሌት የረጋውን ቅጂ ለሕዝብ ማሳየት ይቻላል፤ ያልተነካው የመጀመሪያ ቅጂ ግን እንደ ብራና ሊጠበቅ ይገባል። ከእርሱም ጋር ማን እንዳነሣው፣ በምን መሣሪያ እንደ ያዘው፣ ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደ ተራመደ፣ ስሌት እንደ ተጨመረበትና እንዳልተጨመረበት በጽሑፍ ይኑር። ይህ ከሌለ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣው አጥኚ የሥርዐቱን እንቅስቃሴ ከማሽኑ እንቅስቃሴ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

በመጨረሻም ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ታቦቱን የተሸከመው ካህን የማይናወጠው ከሕዝቡ ስለ ተለየ አይደለም። ግፊያው በእርሱም ላይ ነው፤ ድካሙም የእርሱ ነው። የሚያረጋው የሸክሙን ክብር ማወቁና ሰውነቱ መልመዱ ነው። በአጠገቡ የሚራመደው ወጣትም የያዘው ሸክም ታናሽ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም፤ የሕዝብ መታሰቢያ ነውና። ይህን አውቆ የሚራመድ ሰው ሥዕሉ ጥቂት ቢናወጥ እንኳ የሚያስነቅፈው አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ርእሱን አሟልቶ ጨርሷል ለማለት አይቻልም፤ የጐደለውን በዚሁ ሙያ የተሰማሩ ሊቃውንትና ተማሪዎች በሥራቸው እንዲሞሉት ተስፋ እናደርጋለን።